የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛ ደብረ ብርሃን ላይ መክፈት ለምታስቡ፦ የፈቃዱ መንገድ ከነጣጣው

ደብረ ብርሃን ላይ የጤና ኮሌጁም፣ የሂሳቡም፣ የኮምፒውተሩም አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ «የአውሮፕላን ጥገናስ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ከተማችን መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም ብላችሁ አትስጉ። ማሠልጠኛ ለመክፈት ማኮብኮቢያ አጠገብ መቀመጥ ግድ አይደለም፤ አዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሕንጻ ይከራያል። ቀጥሎ ቀለም ያስቀባል፣ ባነር ይሰቅላል። በመጨረሻ «ፈቃዱስ እንዴት ነው?» ይላል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚጻፈው ማንዋሉ፣ ማለትም ማሠልጠኛው ምን እንደሚያስተምርና እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ሰነድ ነው። ሕንጻውም፣ መሣሪያውም፣ መምህሩም የሚመጡት ማንዋሉ ውስጥ የጻፋችሁትን ተከትለው ነው። ተቆጣጣሪው በር ላይ ሲደርስ በእጁ የሚይዘው የራሳችሁን ጽሑፍ ነው፤ የሚጠይቃችሁም እሱኑ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ትዕግሥትና ብር ነው።

ሁለት በር አለ፤ ሁለቱንም ማንኳኳት ያስፈልጋል

አንደኛው በር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የአቪዬሽን ማሠልጠኛን መርምሮ የሚያጸድቀው እሱ ነው። የሚመራበት ሕግ መሠረቱ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የምንለው፣ ያወጣው አባሪ 1 ነው። አባሪ 1 ስለ ሙያተኞች ፈቃድ የሚናገር ሲሆን መጨረሻው አካባቢ ስለ ማሠልጠኛ ድርጅቶች የተጻፈ ክፍል አለው። ባለሥልጣኑ ይህን ወደ ራሱ ሕግና ደረጃ አምጥቶታል። ማሠልጠኛን የሚመለከተውን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አንብቡት። አማካሪ ብትቀጥሩም አንብቡት። አማካሪው ሲሄድ ከተቆጣጣሪው ጋር የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው በር ማንኛውም የግል ማሠልጠኛ የሚያልፍበት ነው፦ የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ዕውቅና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰሜን ሸዋ ሲባል ሁለት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ የምትከፍቱ ጉዳያችሁ ከአማራ ክልል ቢሮዎች ጋር ነው። ፍቼ የምትከፍቱ ደግሞ ከኦሮሚያ ጋር። የአቪዬሽኑ ፈቃድ ግን የፌዴራል ስለሆነ ለሁላችሁም አንድ ነው።

አንዱ ሌላውን አይተካም። የሙያ ዕውቅናውን ይዞ «ፈቃድ አለኝ» ብሎ ተማሪ መመዝገብ የጀመረ ሰው አውቃለሁ። ተማሪዎቹ ጨርሰው ሲወጡ ሥልጠናቸው ለአቪዬሽን ላይሰንስ፣ ማለትም ለግለሰቡ ለሚሰጠው የሙያ ፈቃድ፣ ሳይቆጠርላቸው ቀረ። የወላጅ ገንዘብና የልጆቹ ዕድሜ በከንቱ ፈሰሰ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ተማሪው ምን ይዞ ይወጣል?

ማንዋል ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። ምክንያቱም ከእናንተ የሚወጣው ልጅ የሚይዘው የሥልጠና ሰርተፊኬት እንጂ ላይሰንስ አይደለም። ላይሰንሱን የሚሰጠው ባለሥልጣኑ ነው፤ ፈተናውን ሲያልፍና የሥራ ልምዱን ሲያሟላ። በኢካኦ መስፈርት የጥገና ላይሰንስ ለማግኘት ዕድሜ ቢያንስ 18 መሆን አለበት፣ የሥራ ልምዱም 4 ዓመት ነው። የጸደቀ ሥልጠና የጨረሰ ሰው ግን 2 ዓመት ይበቃዋል።

የማሠልጠኛችሁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ለልጁ 2 ዓመት ታተርፉለታላችሁ። ያልጸደቀ ማሠልጠኛ ይህን ማድረግ አይችልም።

ታዲያ የቀረውን 2 ዓመት የት ይሠራል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ አውሮፕላን የሚጠገንበት ሃንጋር ስለሌለ መልሱ ፈቃድ ያለው የጥገና ድርጅት ያለበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ አበባ ነው። ይህን ለወላጆች ገና በምዝገባ ቀን በግልጽ ንገሯቸው።

ማንዋሉ

ስሙ የሥልጠናና የአሠራር ማንዋል ነው። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሌላ አገር ማንዋል ያወርድና ስም ይቀይራል። ተቆጣጣሪዎች ይህን በደቂቃ ውስጥ ያውቁታል። ደብረ ብርሃን ያለ ማሠልጠኛ «የበረዶ ማስወገጃ ተሽከርካሪ ማቆሚያ» የሚል አንቀጽ ሲኖረው ሌላ ምን ይባላል?

ውስጡ መኖር ያለበት ይህ ነው። ምን ዓይነት ሥልጠና እንደምትሰጡ፣ ይዘቱና ሰዓቱ፣ ሕንጻውና መሣሪያው፣ ማን ለምን ተጠያቂ እንደሆነ፣ የመምህራን ብቃት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ፈተና እንዴት እንደሚወጣና እንደሚታረም፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የጥራት ቁጥጥሩ እንዴት እንደሚሠራ። ከማንዋሉ ጋር የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ይቀርባል። በአንድ በኩል የሕጉ አንቀጽ፣ በሌላ በኩል ማንዋሉ ውስጥ የት ገጽ ላይ እንደተመለሰ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ሰንጠረዡን ስትሞሉ የጎደላችሁን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ሥርዓተ ትምህርቱን በተመለከተ አባሪ 1 የሚጠይቃቸው ዘርፎች የታወቁ ናቸው፦ የአየር ሕግና የበረራ ብቁነት፣ የተፈጥሮ ሳይንስና አጠቃላይ የአውሮፕላን ዕውቀት፣ የአውሮፕላን ምህንድስና፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ የሰው ልጅ አቅምና ስህተት። የመጨረሻውን አታቃሉት። ሌሊት ፈረቃ ላይ የደከመ ቴክኒሻን እንዴት እንደሚሳሳት የሚማርበት ነው።

ሰዓቱን ስታወጡ ሌሎች የሚጠቀሙበትን እንደ ማነጻጸሪያ ያዙ። የአውሮፓው ሕግ ተርባይን ሞተር ላለው አውሮፕላን የሚያሠለጥነውን ቢ1.1 የሚባለውን ኮርስ 2,400 ሰዓት ያደርገዋል፤ የአቪዮኒክሱ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ቢ2ም እንዲሁ 2,400 ነው። የአሜሪካው ደግሞ ለረጅም ዘመን 1,900 ሰዓት ነበር፦ 400 ለአጠቃላይ፣ 750 ለአውሮፕላኑ አካል፣ 750 ለሞተር። እ.ኤ.አ. በ2022 ያንን የሰዓት ቁጥር ትቶ ተማሪው ምን መሥራት እንደሚችል ወደ መመዘን ሄዷል። «እኛ በ6 ወር እንጨርሳለን» የሚል ዕቅድ ይዛችሁ ከመጣችሁ እነዚህን ቁጥሮች አጠገቡ አስቀምጡና እዩት።

አንድ የራሴን ምክር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቴክኒክ እንግሊዝኛ ስጡ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከእነዋሪ የሚመጣው ልጅ እጁ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ የጥገና ማንዋሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። «አጥብቅ» እና «ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር መልስ» የሚሉትን ትእዛዞች ማምታታት ክፍል ውስጥ ነጥብ ያስቀንሳል፣ ሃንጋር ውስጥ ሌላ ነገር ያመጣል። መምህሩ በአማርኛ ማስረዳቱ ምንም ክፋት የለውም፤ ተማሪው ግን ከማንዋሉ አንብቦ መሥራት አለበት። ምዘናውም እንደዚያው ይሁን።

ሕንጻውና የኛ ብርድ

ክፍሎቹ፣ ወርክሾፑ፣ የመሣሪያ ክፍሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የፈተና ክፍሉ፣ የመዝገብ ክፍሉ ለየብቻ መታየት አለባቸው። የአውሮፓው ሕግ በአንድ የንድፈ ሐሳብ ክፍል ከ28 ተማሪ በላይ አያስገባም። በተግባር ልምምድ ደግሞ ለአንድ ተቆጣጣሪ መምህር ከ15 አይበልጥም። እኔ ብሆን ከዚህም ዝቅ አደርገዋለሁ። አንድ መፍጫ ዙሪያ 15 ልጅ ቆሞ የሚማረው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው የጓደኛውን ጀርባ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህ ለማሠልጠኛ ሁለት ነገር ያመጣል።

የመጀመሪያው ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም። ለኮምፖዚት (ከፋይበርና ከሙጫ የሚሠራ የአውሮፕላን አካል) ጥገና የሚውሉት ሙጫዎች፣ የነዳጅ ጋን የሚታሸግባቸው ማሸጊያዎች፣ ቀለሞችም ጭምር፣ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈልጋሉ። ጠዋት በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሙጫ ለውሳችሁ ብትለጥፉ በሰዓቱ አይደርቅም፤ ተማሪውም መመሪያው ውሸት ይመስለዋል። ስለዚህ ወርክሾፑን በሙሉ ማሞቅ ባትችሉ እንኳ ለኮምፖዚትና ለማሸጊያ ሥራ አንድ የተዘጋ፣ የሚሞቅ ክፍል አዘጋጁ። ግድግዳው ላይ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ስቀሉ፣ በየቀኑ መዝግቡ። ይህ መዝገብ ተቆጣጣሪውን ደስ ያሰኘዋል፣ የተማሪውንም ልማድ ያንጻል። ሸዋ ሮቢት ብትከፍቱት ደግሞ በብርዱ ፈንታ ሙቀትና አቧራ ይቀበላችኋል፤ ከዚህ ሽሽት የለም።

ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር አስነስታችሁ ለተማሪ ስታሳዩ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። የሞተሩ ማንዋል ላይ ያለውን ቁጥር ስለማይደርስ ሞተሩ የታመመ ይመስላል። ይህን በልምምድ ወረቀታችሁ ላይ ከነስሌቱ ጻፉት። ቦሌ ላይ የሚሠሩትም ከፍታ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት ነው። ሞተር የምታስነሱበት ቦታም ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። የፕሮፔለሩ ዙሪያ በቀለም መስመር ይከለል፣ የእሳት ማጥፊያውም በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩም ይቆማል። ጄኔሬተር በጀት ውስጥ ከሌለ የሪቬት ልምምዳችሁ በመብራት ኃይል ፕሮግራም ነው የሚሄደው።

መሣሪያና አውሮፕላን

አዲስ አውሮፕላን መግዛት አይጠበቅባችሁም። አገልግሎቱን የጨረሰ ትንሽ አውሮፕላን፣ የተቆራረጠ የማሳያ ሞተር፣ የማረፊያ ጎማ፣ የሃይድሮሊክና የኤሌክትሪክ ሞዴሎች ይበቃሉ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ከሚለው ጋር እስከተስማሙ ድረስ። ሴስና 172 ብታገኙ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተፈትቶ ነው በሰንዳፋና በሸኖ በኩል በጭነት መኪና የሚመጣው። መፍታቱን ራሱን በፎቶና በጽሑፍ መዝግባችሁ ያዙት፤ በኋላ ለተማሪ የመገጣጠም ልምምድ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ማሠልጠኛ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ «ለሥልጠና ብቻ፣ ለበረራ የማይውል» የሚል ምልክት ይኑረው። በወረቀት ብቻ አይሁን፤ የማይነቀል ይሁን። የማሠልጠኛ ዕቃ በጓሮ በር ወጥቶ የሚበር አውሮፕላን ላይ ከተገጠመ የሰው ነፍስ ነው። ዕቃው ሲገባና ሲወጣ የሚመዘገብበት ደብተርም ይኑር።

የመሣሪያ ክፍሉን ፍተሻ በቅርብ ላሳያችሁ። ተቆጣጣሪው ይገባና መደርደሪያው ላይ ካሉት ቶርክ ሬንቾች (ቦልት በተለካ ኃይል የሚጠብቅባቸው መፍቻዎች) አንዱን ያነሳል። እጀታው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ያያል፤ የካሊብሬሽኑ (ልኬቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበት) ጊዜ አልፎ እንደሆነ። ከዚያ አካሉ ላይ የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥር ያነብና «የዚህን ሰርተፊኬት አምጡልኝ» ይላል። ፋይሉ ሲከፈት ቁጥሩ በአንድ አኃዝ ይለያል። ጸሐፊዋ ስትተይብ ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ለተቆጣጣሪው ግን ያ ሬንች ሰርተፊኬት የሌለው ሬንች ነው። ቀጥሎ የግድግዳውን ሰሌዳ ያያል፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ተስሎ ባዶ ቦታው ወዲያው መታየት አለበት። አንድ ባዶ ቅርጽ ካየ «ይሄ የት ነው?» ይላል። «ተማሪ ይዞት ነው» ካላችሁ የወሰደው ተማሪ ስም ደብተሩ ላይ መኖር አለበት። ያ ስም ከሌለ የቀረውን ንግግር ተዉት።

የልምምድ ወረቀቶችም እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ ሁለት ቦልቶች እንዳይላሉ እርስ በርስ በሽቦ ማሰር። «ተማሪው ሽቦ ማሰር ይችላል» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። ሽቦው ቦልቱን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይስባል ወይ? ከሁለቱ ቦልቶች በአንዱ ላይ ከተገለበጠ፣ ቦልቱ ሲላላ ሽቦው አይዘውም። ጥምዝምዙ እኩል ነው ወይ? ጫፉ እጅ እንዳይቆርጥ ታጥፏል ወይ? ወረቀቱ ይህን ሁሉ ይጠይቅ፤ መምህሩም በየመስመሩ ይፈርም።

መምህራን

ትልቁ ወጪያችሁ ይህ ነው። ላይሰንስና የእውነት የሃንጋር ልምድ ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ለመኖር ጥሩ ምክንያት ይፈልጋል፤ አረቄያችን ብቻውን አይበቃም። አንዳንዶች በወረቀት ላይ አምስት መምህር ይጽፉና በፍተሻው ቀን ሁለቱ ብቻ ይገኛሉ። ተቆጣጣሪው ደግሞ የቅጥር ውላቸውን ይጠይቃል፣ ክፍል ገብቶ ሲያስተምሩም ያያል።

ጡረታ የወጡ ቴክኒሻኖችን ፈልጉ። ከሰሜን ሸዋ ወጥተው ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉ ጋሼዎች አሉ። ዕውቀታቸው ሙሉ ነው፤ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ስጧቸው። ከዚያም ዕውቀታቸው እንዳያረጅ የማደሻ ሥልጠና ይዘጋጅ። በአውሮፓ አሠራር በየ24 ወሩ 35 ሰዓት ነው፣ እናንተም ተመሳሳይ ነገር ማንዋላችሁ ላይ አስፍሩ። ካሰፈራችሁት በኋላ ግን ፈጽሙት።

ከመምህራን ሌላ ሁለት ሰዎች በስም ይጠየቃሉ። አንዱ ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ተጠያቂ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሌላው የጥራት ኃላፊ ነው፤ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርብ፣ የሥልጠና ኃላፊው የማያዘው። የባለቤቱን የእህት ልጅ የጥራት ኃላፊ አድርጋችሁ ብትሾሙ ሕጉ ላይከለክላችሁ ይችላል። አጎቱን «ይህ ትክክል አይደለም» ማለት መቻሉን ግን እዩ።

የፈቃዱ ሂደት አምስቱ ምዕራፎች

ቅድመ ማመልከቻ። ቦሌ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዳችሁ የሚመለከተውን ክፍል ታናግራላችሁ፣ የፍላጎት መግለጫ ታስገባላችሁ፣ ስብሰባ ይደረጋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይሂድ። ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፣ ክፍያውንም እዚያው ጠይቁ፣ የተባላችሁትንም ጻፉ።

መደበኛ ማመልከቻ። ማንዋሉ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ የመምህራን ማስረጃ፣ የሕንጻ ሰነድ፣ የማመሳከሪያ ሰንጠረዡ፣ ተማሪዎቻችሁ እንዲለማመዱበት ከጥገና ድርጅት ጋር የተፈረመ ስምምነት፣ የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ላይ ይገባል። ስምምነቱ ላይ ስንት ተማሪ፣ ለስንት ሳምንት፣ በማን ቁጥጥር፣ ምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደሚለማመድ ይጻፍ። «እንተባበራለን» የሚል ደብዳቤ ውሃ አያነሳም።

የሰነድ ግምገማ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ሰነዱ ከነአስተያየቱ ይመለሳል፣ ታርሞ ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ይህ የተለመደ ስለሆነ አትናደዱ፣ «ጉቦ ፈልገው ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። ለእያንዳንዱ አስተያየት ምን እንዳረማችሁና ገጹን የሚያሳይ ዝርዝር አያይዛችሁ መልሱ። በመጨረሻ የታረመው ቅጂ የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ እያንዳንዱ ገጽ የእትም ቁጥርና ቀን ይኑረው።

የመስክ ፍተሻ። ከላይ ያየነው ሁሉ እዚህ ይፈተናል። ቀድማችሁ የራሳችሁን የውስጥ ኦዲት አድርጉ፣ ያገኛችሁትንም ጉድለት አትደብቁ፤ የራሱን ጉድለት ያላገኘ የጥራት ክፍል ማንም አያምነውም። ጥበቃውን፣ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛዋን፣ ሬጅስትራሯንም አዘጋጁ። ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው አለቃውን ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው ሰርተፊኬት መስጠት ነው። ሰርተፊኬቱ ከተፈቀደላችሁ የኮርስ ዝርዝር ጋር ይመጣል። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ኮርስ አልተፈቀደም ማለት ነው። የአውሮፓ ዕውቅና ከፈለጋችሁ ለብቻው የሚጠየቅ ሌላ መንገድ ነው፤ በኢትዮጵያው ፈቃድ አብሮ አይመጣም።

ከፈቃዱ በኋላ

የፈተና ሥርዓታችሁን አጥብቁ። በአውሮፓው ሕግ የማለፊያ ነጥቡ 75 በመቶ ነው፣ ምርጫው ሦስት ነው፣ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 75 ሰከንድ ይሰጣል። ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ለ12 ወር ሌላ ፈተና አይቀመጥም። ከባድ ይመስላል። ግን ኩረጃ የለመደ ልጅ ነገ ያላየውን ቦልት «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል።

የተማሪ መዝገብ በኢካኦ መስፈርት ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ይቀመጣል፤ አውሮፓውያን ጭራሽ አይጥሉትም። እናንተም አትጣሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ዱባይ ላይ ሥራ ያገኘ ልጅ «የሥልጠና ማስረጃዬን ላኩልኝ» ብሎ ይደውላል። አንድ ቅጂ በወረቀት፣ አንድ ቅጂ ሌላ ሕንጻ ውስጥ።

ለውጥ ሲኖር አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሕንጻ መቀየር፣ ሥራ አስኪያጅ መቀየር፣ ኮርስ መጨመር መጀመሪያ መጽደቅ አለባቸው። ድርጅቱን ብትሸጡም ሰርተፊኬቱ ከዕቃው ጋር ተቆጥሮ ለገዢው አይተላለፍም።

ባነሩን በተመለከተ፦ ሰርተፊኬቱ እጃችሁ እስኪገባ «በሲቪል አቪዬሽን የጸደቀ» የሚል ጽሑፍ የትም አይውጣ፤ «በሂደት ላይ» ብሎ ተማሪ መመዝገብም ያው ነው። መስከረም ላይ ለመጀመር አስባችሁ ሰርተፊኬቱ ጥር ላይ ከመጣ፣ ምዝገባው የካቲት ላይ ይሁን። የመምህራኑን የእነዚያን ወራት ደመወዝ ከአሁኑ በጀት ውስጥ አስገቡት።